የዛገው ማርሚታና የወረታ በዓላት

ከወረታ ከተመለስን ሁለት ሳምንት ሆነን፤ የሴቶቹ ጥያቄ ግን አላለቀም። ውሃ ስወርድ ይጠይቁኛል፣ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ይጠይቁኛል። ባጃጅ ምን ትመስላለች? መኪናው አያስፈራም? ሩዝ ሲበቅል ሣር ነው ወይስ እህል? እኔ ይታይሽ ደግሞ ሰው ከበዛ አንደበቴ ይታሰራል። ሁለት ቃል ተናግሬ እንስራዬን አነሣለሁ። እስከ ስድስተኛ ክፍል የተማርኩት ጽሕፈት ግን አልጠፋኝምና አንዴ ልጻፈውና ማንበብ የሚችል ያንብብላቸው ብዬ ተቀመጥኩ። ደቅ ደሴት ላይ ተወልደው ደቅ ላይ ለሚኖሩት፣ ወረታን ለማያዩት ነው የምጽፈው። እንዳይቀኑብኝም ነው።

ሰኞ፣ ጥር አሥራ ስምንት

የአባቴ ጀልባ አሮጌ የብረት ጀልባ ናት። ሞተሯ በዕድሜ ይበልጠኛል። ከሞተሩ ራስ የሚነሣው የጭስ መውጫ፣ ማርሚታ የምንለው፣ ወደ ላይ ወጥቶ ይታጠፍና በጎን በኩል ጭሱን ወደ ሐይቁ ይተፋል። ይተፋ ነበር ልበል። የሐይቁ እርጥበት ለዓመታት ሲበላው ኖሮ፣ አባቴ በሽቦ እያሰረ ቆርቆሮ እየጠቀለለ ያቆየው ነገር ነው። «ይቺን ሠርግ ብቻ ያሳልፈን» ይል ነበር።

ሠርጉ የታላቅ እህቴ የባንቺ ነው፤ ለእሑድ ጥር ሃያ አራት ተቆርጦ ነበር። ሙሽራው ከሐይቁ ማዶ፣ ከፎገራ ዳርቻ፣ የናበጋ ልጅ ነው። ሽምግልና በመጡ ጊዜ የሙሽራው አጎት አቶ ካሴ በሰው ፊት «ልጃችንን ታንኳ ላይ አንጠልጥለን ነው የምንድረው?» ብለው ነበር። አባቴም ተነሥቶ «ቅዳሜ በሞተር አሻግረዋለሁ፤ ሙሽራውም ሚዜዎቹም እግራቸው ውሃ አይነካም» አለ። ቃል ወጣ። ጠላው ተጠመቀ፣ በሬው ተገዛ፣ ዳሱ ተጣለ። ጾሙም እየደረሰ ስለነበር ሠርጉን ወደ ሌላ ሳምንት መግፋት አይታሰብም ነበር።

ሰኞን የመረጥነው አስበን ነው። እኛ የጥር ሥላሴን በሰባት አክብረናል፣ ጥምቀትንም አክብረናል። በዓሉ ሁሉ አለቀ ብለን፣ ለሠርጉ የጎደለውን ሩዝና ሽንኩርት ልንገዛ አባቴና እኔ ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። ጥር አሥራ ስምንት ለእኛ እንደማንኛውም ሰኞ ነበር። ስሕተታችን የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ሐይቁ መሐል ስንደርስ ማርሚታው ከመታጠፊያው ላይ ለሁለት ተሰበረ። የሞተሩ ድምፅ ድንገት እንደ ጥይት ሆነ። ጥቁሩ ጭስ ፊታችን ላይ ወጣ፤ ፍንጣሪው የጥላውን ሸራ ሁለት ቦታ በሳው። እኔ በጣሳ ውሃ እረጫለሁ፤ አባቴ ሞተሩን ያጠፋል፣ ያስነሣል፣ እንደገና ያጠፋል። እርጥብ ጆንያ ጠቅልለንበት እያሳልን ናበጋ ዳርቻ ደረስን። ሰው አሳፍሮ በዚህ ማርሚታ መሄድ ማለት ሰውን ጭስ ቤት አስገብቶ በር መዝጋት ማለት ነው።

ደረስን አልኩ እንጂ አልደረስንም። አባቴ ጀልባዋን ሰው ወደሚወርድበት መውሰድ ትቶ ዳርቻው ላይ ካለው ረጅም ደንገል ውስጥ ወሸቃት። ለምን ስለው «ካሴ እንዳያየኝ» አለ። የሙሽሪት አባት ሠርጉ ሳይደርስ በአማቾቹ ደጅ ቆሞ ተበላሸብኝ አይልም፤ እነሱ ቤት ምግብም አይቀምስም። ወጉ ይህ መሆኑን አውቃለሁ። ግን የሙሽራው ቤት ከቆምንበት ይታያል፤ በሬ ያለው፣ ጋሪ ያለው፣ ጉልበተኛ የሞላው ቤት ነው። እኛ ግን ከደንገል ውስጥ እንደ ሌባ አጎንብሰን ነበር።

ማርሚታውን ሞተሩ ላይ የያዙት ሁለት ቡሎኖች ዝገው አንፈታ አሉ። አባቴ ናፍጣ አፈሰሰባቸው፣ ጠበቀ፣ በመዶሻ ነካ ነካ አደረጋቸው፣ እንደገና ጠበቀ። ፀሐይ ሽቅብ ስትወጣ ተፈቱ። ማርሚታው ሥር ሁለት ቀዳዳ ያለው ጠፍጣፋ ብረት አለ፤ ሞተሩ ላይ የሚታሰረው እሱ ነው። አባቴ በምስማር ጠፍጣፋውና ቱቦው ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ጫረ። በያጁ ሲቆርጠው አቅጣጫው እንዳይጠፋ ነው። ከዚያ በጆንያ ጠቀለለና ሰጠኝ።

«ወረታ ሩዝ መፈልፈያው አጠገብ አያሌው የሚባል በያጅ አለ። ድሮ ባሕር ዳር የጀልባ ሞተር ይሠራ ነበር። ለሌላ ሰው እንዳትሰጪ።»

«አንተስ አትሄድም?»

«ጀልባዋን ለማን ልተዋት?»

ከአንድ የገበሬ ልጅ ሞተር ሳይክል ኋላ ተቀመጥኩ። ማርሚታው ጭኔ ላይ፣ ዝገቱ ቀሚሴ ላይ። ሴቶች፣ የፎገራን ሜዳ ልንገራችሁ፤ ዳር የለውም። እኛ የትም ብንቆም ወይ ውሃ ይታየናል ወይ ዳገት። እዚያ ዓይን የሚያርፍበት የለም። መሬቱ እንደ ሐይቁ ተኝቷል፤ ከሐይቁ የሚለየው አቧራው ነው። ሩዙ ታጭዶ ገለባው ቀርቷል፤ በቦታው ሽንኩርት ተተክሏል። በየማሳው ዳር የውሃ መሳቢያ ሞተር ይጮኻል። ያን ዕለት ግን አንዱም አይጮኽም ነበር። ለምን ብዬ መጠርጠር ነበረብኝ።

ወረታ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ የሚገናኙባት ከተማ ናት። የጭነት መኪናው፣ ባጃጁ፣ ጥሩምባው አንድ ላይ ይጮኻል። እኛ ዘንድ ሁለት ታንኳ ሲገናኙ ባለ ታንኳዎቹ ሰላም ይባባላሉ። እዚያ ሁለት ባጃጅ ሲገናኙ ይሰዳደባሉ። የበያጁን ቤት ሳገኘው ተዘግቷል። ጎረቤት ደጅ የተቀመጠ ሰው «ዛሬ ሰባር ጊዮርጊስ አይደለም እንዴ?» አለኝ፣ ክርስቲያን ያልሆንኩ መስሎት።

ደጁ ላይ ተቀመጥኩ። ምን እንደማደርግ አላውቅም፣ ማንንም መጠየቅ አልቻልኩም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንዲት ነጠላቸውን ያጣፉ ሴት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አዩኝ፤ አልፈው ሄደው ተመለሱ። ምን እንደያዝኩ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው፤ አልሰሙኝም፤ ደገምኩ።

«ማርሚታ አቅፈሽ ደጅ ልታድሪ ነው? ተነሺ ልጄ።»

እትዬ ጥሩወርቅ ይባላሉ። ባለቤታቸው መሪጌታ ናቸው፤ ሠፈሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። የኔታ ጆንያውን ገልጠው ማርሚታውን ዙሪያውን አዩና «ይህ ደግሞ የየትኛው ቤተ ክርስቲያን መለከት ነው?» አሉ። ማፈሬን ሲያዩ ራሳቸው ሳቁበትና እጄን እንድታጠብ አዘዙኝ። እንጀራው ሩዝ የተቀላቀለበት ነው፤ ነጭ፣ ልስልስ፣ ከእኛ የዳጉሳ እንጀራ ይልቅ ቀለል ይላል። ሦስት በልቼ አልጠገብኩም፤ አራተኛውን ለመጠየቅ አፈርኩ። እትዬ ጥሩወርቅ ሳልጠይቅ ጨመሩልኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር አሥራ ዘጠኝ

ገብርኤል ሆነ። የኔታ ጠዋት ሲነሡ የዕለቱን በዓል ጮክ ብለው ይናገራሉ፤ «ዛሬ ቅዱስ ገብርኤል» ሲሉ ከመደቡ ላይ ሆኜ ዓይኔን ጨፈንኩ። በእኛም ገብርኤል ይከበራል፤ ግን መረብ መጠገን፣ ገመድ ማጠፍ አይከለከልም። እዚህ ብረትና እሳት አይነካም። በያጁ ደግሞ የገብርኤል ማኅበርተኛ ነበሩ።

ቀኑን ሙሉ ምንም አልሠራሁም። እትዬ ጥሩወርቅ ሥራ እንዳልነካ ከልክለውኝ፣ ያለ ሥራ መቀመጥ ደግሞ አልችልበትምና በር ላይ ቆሜ መኪና ስቆጥር ዋልኩ። ወደ ማታ ጋሼ አያሌው ከማኅበር ሲመለሱ አገኘኋቸው። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ቅንድባቸው በእሳት የተበላ ሰው ናቸው። ጆንያውን ፈትቼ አሳየኋቸው።

«ይሄን አባትሽ ነው ማርሚታ የሚለው? ይሄ ወንፊት ነው።»

ለቅዳሜ እንደምንፈልገው ነገርኳቸው። ነገ በጠዋት ነይ አሉኝ። በጠዋት ያሉትን በጠዋት መስሎኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ጥር ሃያ

ጎሕ ሲቀድ ደጃቸው ነበርኩ። ከእኔ በፊት ግን ሰባት የውሃ መሳቢያ ሞተሮች በጋሪ መጥተው ተሰልፈዋል። ሁለት ቀን በዓል ውሎ ማሳው ሁሉ ተጠምቷል። ጋሼ አያሌው የእኔን ጆንያ በእግራቸው ገፋ አድርገው ወደ ጥግ አኖሩትና «ሽንኩርት ይደርቃል፤ ጀልባ አይደርቅም» አሉ። ገበሬዎቹ ሳቁ። እኔም ነጠላዬ ውስጥ ሳቅሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን አልሳቅሁም።

ሦስተኛው ሞተር ላይ መብራት ጠፋ። እኛ ዘንድ መብራት ስለሌለ አይጠፋም። እነሱ ግን መብራት አላቸውና ቁጭ ብለው ሲጠብቁት ይውላሉ። ከቀትር በኋላ ተመለሰ። የእኔ ተራ ሲደርስ ፀሐይዋ ጣራ ገዳም ተራራ ላይ ብቻ ቀርታ ነበር።

ጋሼ አያሌው ማርሚታውን በመዶሻ ነካ ሲያደርጉት እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈረፈረ። ስብራቱን ሊበይዱት ሞከሩ፤ እሳቱ በነካው ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋል፣ ብረቱ ሳስቶ አልቋል። ተዉት። ደህና የተረፈው ሥሩ ያለው ጠፍጣፋ ብረት ብቻ ነበር። አንድ ገበሬ ቤቱ የተረፈ የውሃ ቧንቧ ሊሰጠኝ ተነሣ፤ ጋሼ አያሌው ግን ላዩ ላይ የተለበጠው ነገር ሲበየድም ሲግልም ጭሱ ሰው ያሳምማል ብለው ከለከሉት። ከግድግዳቸው የአሮጌ ጭነት መኪና ጭስ መውጫ አወረዱ፤ ወፍራም ነው፣ መታጠፊያም አለው። እስከዚህ ድረስ እጃቸውን እባርካለሁ።

ከዚያ ጠፍጣፋውን ቆርጠው በመብራት በሚሽከረከረው መሞረጃ ዝገቱን ማጽዳት ጀመሩ። የአባቴ የምስማር መስመር ዓይኔ እያየ ጠፋ። ጠፍጣፋውን አዲሱ ቱቦ ሥር አስቀመጡና እጃቸውን አንሥተው «ወዴት ነው የሚዞረው?» አሉ።

ለእኔ ነበር። ዓይናቸው ላይ ግን ጥቁር የብየዳ መስተዋት ስላደረጉ ወዴት እንደሚያዩ አይታወቅም፤ ዙሪያውን ደግሞ ሰባት ስምንት ወንድ ቆሟል። አፌን እስክከፍት አንዱ ገበሬ፣ ጀልባ በሩቅ እንኳ አይቶ የማያውቅ ሰው፣ «እንዲህ ነው» አለ። ሌላው ደገፈው። እኔ ሁለቱ ቀዳዳዎች ላይና ታች መሆን እንዳለባቸው፣ የቱቦው አፍ በጎን ወደ ውሃው መዞር እንዳለበት አውቃለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ያንን ቡሎን የማጠብቀው እኔ ነኝ። «እ...» አልኩ። መሞረጃው ጮኸ። ከዚያ ብየዳው ሰማያዊ ብርሃኑን አበራ፤ ፊቴን አዞርኩ። ሲጨርሱ ጠንካራ፣ የሚያምር፣ በተሳሳተ አቅጣጫ የተበየደ ማርሚታ ሰጡኝ። እኔም እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ተቀበልኩ።

በጋሪ ናበጋ ስደርስ መሽቷል። አባቴ ማርሚታውን በባትሪ ብርሃን ሲያይ ሳመው። ቡሎኖቹን አስገባ፣ አጠበቀ፣ ከመሪው አጠገብ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የማርሚታው አፍ ልክ ግንባሩ ላይ አነጣጥሮ ነበር።

በእጁ አፉን ጠቆመ። «ይታይሽ፣ ይህ ጭስ ወዴት ነው የሚሄድ?»

«ወዳንተ።»

«ሲበይዱት አላየሽም?»

«አላየሁም» አልኩ። አባቴን ዋሽቼ አላውቅም ነበር።

አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻል ነበር። ሣሩ ላይ ከተቀመጠ አገልግል ሽሮ በእንጀራ አውጥቶ አቀረበልኝ። ክዳኑ ላይ በቀይ ቆዳ የተጠጋገነ አሮጌ አገልግል ነው። ከየት እንዳመጣው ጠየቅኩት። ሰኞ ማታ ደንገሉ ዳር አግኝቶታል፤ ባዶውን መልሶ እዚያው ሲያኖረው በማግሥቱ ሞልቶ ያገኘዋል። «ዓሣ አጥማጆች ይሆናሉ» አለ። «ደጋግ ሰዎች ናቸው። ማንነትህን እንኳ አይጠይቁም።»

ሐሙስ፣ ጥር ሃያ አንድ

አስተርዮ ማርያም። ሞተር ሳይክል የለም፣ ጋሪ የለም፣ ሁሉም ነጭ ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። እኔ ማርሚታ ተሸክሜ፣ ዝገት የነካ ቀሚስ ለብሼ፣ በተቃራኒው በእግሬ ወደ ወረታ ሄድኩ። ያ ሁሉ ሰው ፊት ለፊቴ ሲመጣ የምሸሸግበት ዛፍ እንኳ የለም፤ ሜዳ ነው አላልኳችሁም? አንዲት አሮጊት አስቁመው ትከሻዬን አዩ።

«በማርያም ቀን ብረት ትሸከሚያለሽ፣ የኔ ልጅ? ምን አድርገሽ ነው?»

ቅጣት መስሏቸዋል። አልተሳሳቱም። ከመሶባቸው ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ፤ እየበላሁ ሄድኩ። የወረታ ሰው «ቅርብ ነው» ሲል አትመኑት። እኛ ቅርብ ስንል የማዶው ሰው ሲጣራ ይሰማናል። እነሱ ግን ግማሽ ቀን የሚያስኬደውንም ቅርብ ይላሉ።

የኔታ ቤት ስገባ ድግስ ነው። ከእንግዶቹ መሐል ጋሼ አያሌው የቅልጥም አጥንት ይዘው ተቀምጠዋል። ትከሻዬ ላይ ያለውን ሲያዩ አጥንቱን አኖሩት።

«ዛሬ እንኳ ይሸፈን፤ ማርያም ናት» አሉ።

በነጠላዬ ሸፈንኩት። እትዬ ጥሩወርቅ ምንም ሳይጠይቁ እግሬን በሞቀ ውሃ አጠቡ፤ ቀሚሴን አስወልቀው የራሳቸውን ሰጡኝ። የእኔን በማግሥቱ አሽተው አጥበው ቢያሰጡትም ዝገቱ አልለቀቀም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ሁሉ ቸርነት ሳይ አለቅስ ነበር። ያን ዕለት ግን እህቴ ደቅ ላይ እጇን እንሶስላ እየሞቀች እንደሆነ እያሰብኩ፣ ሥጋውን ሳልነካ ወደ ጎን ገፋሁት።

ዓርብ፣ ጥር ሃያ ሁለት

የኔታ ጠዋት ሲነሡ ጆሮዬን ያዝኩ። «ዛሬ ቅዱስ ዑራኤል» ሲሉ ግን ሰማሁት።

በወረታ ዑራኤልን ሁሉም አያከብርም፤ ጋሼ አያሌው ግን ያከብራሉ። አንድ ዓመት እሳት ዓይናቸውን ሊያጠፋው ሲል በዑራኤል ጸበል ነው የዳኑት፤ ስለዚህ በዕለቱ ብየዳ አይነኩም። ይህን ሲነግሩኝ ፊታቸው አዝኗል። ክፋት ቢሆን ኖሮ እናደድባቸው ነበር፤ ስእለት ላይ ምን ይባላል? ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ሙሽራው ጀልባ ሊሳፈር ነው።

እትዬ ጥሩወርቅ ወደ የኔታ ወሰዱኝ። የኔታ ማርሚታውን አስመጡ፤ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። አፉ ወደ ውሃው መዞር ሲገባው ወደ አባቴ እንደዞረ በእጄ አሳየኋቸው። ጋሼ አያሌውን አስጠሩ።

«አያሌው፣ በበዓል ቀን ምንድን ነው የተከለከለው?»

«ሥራ ነዋ፣ የኔታ።»

«ይህን የበየደው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ጠማማ ነው ቀጥ ያለ?»

ጋሼ አያሌው ራሳቸውን አከኩ። «ጠማማ ነው። ግን የራሴን ጥፋት ማረም ሥራ አይሆንም ወይ?»

«ጥፋትን ማረም ንስሐ ነው። ንስሐ ደግሞ በበዓል ቀን ይበረታል። ብቻ ለንስሐ ዋጋ አይቀበሉበትም።»

ጋሼ አያሌው ጥቂት አሰቡና ሳቁ። «እንግዲያው ዑራኤልም የሚቆጣ አይመስለኝም። ግን የኔታ፣ ፍርዱን ሁሉ በእኔ ላይ አይጫኑብኝ፤ አባቷ የጫረው መስመር ጠፋ፣ ይቺ ልጅም ቆማ ስታይ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። አላወቀችም እንጂ።»

ቤቱ ውስጥ የቆሎ ተማሪዎች ነበሩ፣ የጎረቤት ሰዎች ነበሩ። አላወቀችም መባሉ የሚያድነኝ መንገድ ነበር፤ በዚያው ዝም ብል ያልፍ ነበር። አባቴ ግን ደንገል ውስጥ ተቀምጧል።

«አውቅ ነበር» አልኩ። ድምፄ ከበጣም ሩቅ የመጣ መሰለኝ። «ረቡዕም አውቄ ነበር። ሰው ስለበዛ ነው ያልተናገርኩት።»

ጋሼ አያሌው አፍጥጠው አዩኝ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ የተናደዱት በሌላ ነው። «ያ ጀልባ ያላየ ገበሬ ሲያስተምረኝ ቆመሽ ትሰሚያለሽ?»

የኔታ «በሉ፣ ንስሐው የሁለታችሁ ነው» አሉ። «አንተ በይድ፤ አንቺ ያዥ፣ አዛዥም አንቺ ነሽ።»

ብየዳ ቤቱ ሄድን፤ ጥቁር መስተዋት ሰጡኝ። ጋሼ አያሌው ጠፍጣፋውን ፈልቅቀው እንደገና ቱቦው ሥር አኖሩት። ደጁ ላይ ሰው ተሰበሰበ፤ በበዓል ቀን ብየዳ ማየት ለእነሱም አዲስ ነው። አንድ ሽማግሌ «ወደ ግራ ነው» አሉ።

«አይደለም» አልኩ። «ሁለቱ ቀዳዳ ላይና ታች፤ አፉ ወደ እኔ። እኔ ሐይቁ ነኝ።»

ጋሼ አያሌው ማርሚታውን ወደ እኔ አዞሩት። ያዝኩት፤ በጨርቅ ቢጠቀለልም ሙቀቱ እጄን ገረፈኝ፤ አልለቀቅሁም። ስፌቱን ዙሪያውን ጨረሱት። ቀዝቅዞ ሳየው ልክ ነበር።

ለመሄድ ስነሣ የመጣንበት ሩዝና ሽንኩርት ትዝ አለኝ። አምስት ቀን ሙሉ ረስቼዋለሁ። እትዬ ጥሩወርቅ ግን ሁለት ከረጢት ሞልተው በጠሩልኝ ባጃጅ ውስጥ አስገብተዋል። «በሠርጉ ላይ ወረታም አለች በሉ» አሉኝ። ጉልበታቸውን ሳምኩ። ባጃጁ የሜዳው አቧራ ላይ ሁለት ጊዜ ቆመ፤ ሁለቱንም ጊዜ ገፋሁት። እነሆ፣ ባጃጅ ማለት ይህ ነው፤ ተሳፋሪው የሚገፋው ጋሪ።

ናበጋ ስደርስ አባቴ ማርሚታውን ሞተሩ ላይ አደረገ። ሁለት ቡሎን፣ ሁለት ዳዶ። አፉ ወደ ሐይቁ ሆነ። ሞተሩን ሲያስነሣው ጭሱ በጎን ወጥቶ በውሃው ላይ ሄደ።

«በያጁ ዛሬ እንዴት አወቀው?» አለኝ።

«እኔ ነገርኩት። ረቡዕም አይቼ ነበር፣ አባዬ። ዋሽቼሃለሁ።»

መፍቻውን በጨርቅ ወለወለና ሰጠኝ። ከዚያ «ቡሎኑን አንዴ ድገሚው፣ ያንቺ እጅ ይሻላል» አለኝ። ደገምኩት።

ቅዳሜ፣ ጥር ሃያ ሦስት

ጊዮርጊስ ነው፤ የሚሄድ ሰው ግን ይሄዳል። በጠዋት ጀልባዋን ከደንገሉ አውጥተን፣ አሁን ከደቅ የደረስን ለመምሰል ጥቂት ወደ ሐይቁ ገብተን፣ ዞረን፣ እየጮኽን ወደ ሰው መውረጃው መጣን። አባቴ ከበፊት ይልቅ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሙሽራው፣ ሚዜዎቹና ሽማግሌዎቹ ዳርቻው ላይ ይጠብቁ ነበር። አንድም ሰው እግሩ ውሃ አልነካም።

አቶ ካሴ መጨረሻ ተሳፈሩ። ወደ ሞተሩ ጠጋ ብለው ማርሚታውን ዙሪያውን አዩት።

«ደህና ሞተር ነው» አሉ። «ከደቅ በስንት ሰዓት ተነሣችሁ?»

«ጎሕ ሲቀድ» አለ አባቴ።

«ፈጣን ነው» አሉ አቶ ካሴ።

መሐል ሐይቅ ስንደርስ ነፋሱ ጭሱን ወደ ኋላ ወሰደልን። ሚዜዎቹ ይዘፍናሉ። አባቴ በመሪው ላይ ሆኖ ስለ ናበጋ ሰዎች ይነግረኛል። ሠርጉ ካለፈ በኋላ ተመልሶ ያንን ያበላውን ዓሣ አጥማጅ ፈልጎ ማመስገን ይፈልጋል፤ እንዲህ ያለ ሰው በደቅም የለም ይላል። እኔ እየሰማሁት ወደ ፊት አየሁ። አቶ ካሴ ስንቃቸውን ሊፈቱ ከጋቢያቸው ሥር አገልግል አወጡ። ክዳኑ ላይ በቀይ ቆዳ የተጠጋገነ ነው።

እኔ ሳየው አዩኝ። አገልግሉን ቀስ ብለው አዞሩት፤ ቀዩ ወደ እሳቸው ሆነ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ መለሱ።

«ዓሣ አጥማጁን ታውቂው ይሆን?» አለኝ አባቴ።

«አላየሁትም» አልኩ፤ የሞተሩንም ቡሎን ልነካ ጎንበስ አልኩ።